«ይሄ ኦርጅናሉ አይደለም» ያሉኝ ተሳፋሪ ልክ ናቸው?

የማርቆሱ ባጃጅ፦

ሰላም ናችሁ የድሮ ዘፈን ወዳጆች። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው፣ የምታውቁ መልሱልኝ እባካችሁ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ነው የምሠራው። ዕድሜዬ 26 ነው ግን ባጃጄ ውስጥ ከጥላሁን፣ ከብዙነሽ፣ ከማህሙድ፣ ከዓለማየሁ እሸቴ ሌላ አይከፈትም። ጓደኞቼ «የሽማግሌ ባጃጅ» ነው የሚሉኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲሳፈሩ «ወንድሜ ሌላ የለህም?» ይላሉ፣ የለኝም እላለሁ፣ አንዳንዱ ይስቃል አንዳንዱ ጆሮው ላይ ኢርፎኑን ይሰካል፣ እኔ ምን ቸገረኝ ሂሳቡን እስከከፈለ ድረስ።

ይሄ አመል የመጣብኝ ከአጎቴ ነው። አያ እያልኩ ነው የምጠራው፣ ደንበጫ አካባቢ ገጠር አስተማሪ ነበር፣ መብራት በሌለበት ቦታ በድንጋይ የምትሠራ ቴፕ ነበረችው። ክረምት ለእረፍት እሱ ጋ ስሄድ ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ካሴት ብቻ ይከፈታል፣ ሁለተኛ የለም ምክንያቱም ድንጋይ ያልቃል። ስለዚህ እነዚያን ዘፈኖች በቃሌ ነው የማውቃቸው፣ የት ጋ ክሩ እንደሚንሻፈፍ ሁሉ ሳይቀር። ቴፕዋ ከሞተች ቆየች፣ ካሴቶቹን ግን እኔ ወሰድኳቸው፣ ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ፣ አሁን ባጃጅ ውስጥ የማጫውተው እነሱን ነው።

ወደ ጥያቄው ስመጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከመናኸሪያ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ጫንኩ። የጥላሁን ዘፈን ነበር የተከፈተው (ስሙን አልናገርም፣ ከተናገርኩ ሊንክ ታዥጎደጉዱና ጥያቄዬ ይጠፋል)። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ነበር፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ልጄ ይሄ ኦርጅናሉ አይደለም» አሉኝ። እንዴት አባቴ፣ የራሱ የጥላሁን ድምፅ ነው እኮ ስላቸው «ድምፁስ የሱ ነው፣ ግን ምን አቻኮለው?» ብለው ወረዱ። ሂሳባቸውን ከፍለው ነው የወረዱት ግን የሰደቡኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ዩቲዩብ ላይ ከፈትኩት። እውነትም ይለያል! የአያ ካሴት ላይ ያለው ድምፁ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ይፈጥናል። ሰዓቱን ሳየው የኔ 4፡48 ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው 4፡57። ዘጠኝ ሰከንድ የት ሄደ? የተቆረጠ ነገር የለም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳምጫለሁ። የቱ ነው ኦርጅናሉ? ሌላው ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ትክክለኛ የተባለው ለኔ ጆሮ የተኛ ሰው ነው የሚመስለኝ፣ የአያን ነው የምወደው።

አባይ ማዶ፦

ሃሃሃ «ምን አቻኮለው» 😂 ባጃጅ ውስጥ ስለተጫወተ ነዋ! የናንተን አነዳድ አይቶ ጥላሁንም ቸኮለ።

የቀድሞ ካሴት ቀጂ፦

ወንድማለም ጥያቄህ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ለዓመታት ካሴት ስቀዳ ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ጥፋቱ የኔና የመሰሎቼ ሊሆን ይችላል ይቅርታ ከወዲሁ።

መልሱ ካንተው ጽሑፍ ውስጥ አለ፣ «በድንጋይ የምትሠራ» ብለሃል። ካሴት ማለት ክሩ በሰከንድ ወደ 4.76 ሴንቲሜትር እየሮጠ ነው መነበብ ያለበት። ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይጎተታል ዘፈኑም ይጎተታል፣ ያንን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ አስጥተን መልሰን እንከት ነበር የለ? ግን ሰው የማያስበው የተገላቢጦሹን ነው። አጎትህ ያንን ዘፈን ከሬዲዮም ይሁን ከጓደኛ ካሴት ሲቀዳው የሱ ቴፕ ድንጋዩ ደክሞ ከነበረ፣ ክሩ በዝግታ እየሄደ ነው የተቀዳው። በኋላ በአዲስ ድንጋይ ወይም በመብራት ሲከፈት ክሩ በልኩ ይሮጣል፣ ዘፈኑ ግን ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ዘጠኝ ሰከንድህ እዚያ ነው የሄደችው። አላለቀችም፣ ድንጋዩ ነው የበላት።

ሒሳቡን ልሥራልህ። 4፡57 ማለት 297 ሰከንድ ነው፣ 4፡48 ደግሞ 288። ለ288 ስታካፍለው ሦስት በመቶ ገደማ ልዩነት ነው። ይሄ ደግሞ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ካለው ርቀት ግማሹ ነው። አሁን የቱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ዘዴ አለች፣ ስልክህ ላይ የፒያኖ አፕ አውርድ። ዘፈኑን ከፍተህ ዘፋኙ አረፍ የሚልበትን ድምፅ ቁልፎቹ ላይ ፈልገው። ባንዱ ኦርጋን ወይም ፒያኖ ካለበት መሣሪያው ሁሉ የተቃኘው በሱ ነው፣ ስለዚህ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሄድ ድምፁ አንዱ ቁልፍ ላይ ወይም በጣም አጠገቡ መውደቅ አለበት። ያንተኛው በሁለት ቁልፍ መሃል ተንጠልጥሎ ከቀረ የተዛባው ያንተ ነው። ልዩነቱ ስድስት በመቶ ቢሆን ኖሮ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም ነበር፣ አንድ ሙሉ ቁልፍ ዘሎ ሌላው ላይ ቁጭ ይልና ሁለቱም ልክ ይመስላሉ። ዕድለኛ ነህ።

ደግሞ ስንት ነገር አለ መሰለህ። ቴፑ ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቺንጋ ስትላላ ይጎተታል፣ ክሩን የምትጎትተው ትንሿ ጎማ ስትቆሽሽ ይወላገዳል፣ እኛ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲበዛ በእጥፍ ፍጥነት ነበር የምንቀዳው፣ ያኔ ፀናፅሉና ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። የአውቶቡስ ሹፌሮች ደግሞ ካሴት ይዘውልን ሲመጡ ቆቡ ተጣሞ ክሩ አልዞር ብሎ ነው፣ አባይ በረሃ ሲወርዱ ዳሽቦርድ ላይ ትተውት። ሌላ ቆብ ፈትተን ክሩን እናዛውራለን፣ ብሎኗ ስንዴ ታክላለች፣ መሬት ከወደቀች በቃ።

ማስተካከል ከፈለክ ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ስፒዱን ሦስት በመቶ ቀንስበት። ድምፁን ብቻ የሚቀይረውን አትንካ፣ ፍጥነትና ድምፅ አብረው ናቸው የተዛቡት አብረው ነው የሚስተካከሉት። የመጀመሪያውን ፋይል ግን እንዳታጠፋ አደራ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

የቀጂው ማብራሪያ ልክ ነው፣ ግን «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልጨምር። ማርቆስ ተወልጄ ባሕር ዳር ነው ያረጀሁት፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ጥቂት ሸክላዎች አሉኝ።

ልጄ፣ አንድ የጥላሁን ዘፈን ማለት አንድ ቅጂ ማለት አይደለም። ጥላሁን ክቡር ዘበኛ ነበር፣ ያኔ ሙዚቃው ሁሉ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር፣ ዘፋኝ ደመወዝተኛ ነው፣ መኳንንቱ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፣ በ1953 የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ክቡር ዘበኛ ነህ ተብሎ ታስሯል እኮ። ሕዝቡ የሚሰማው በሬዲዮ ነው። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ያንን የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት፣ በ1961 አምሃ ሬከርድስን ከፍቶ የመጀመሪያዋን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሕንድ አሳትሞ አመጣ። ሊታሰር እንደሚችልም እያወቀ ነው። ምንም አልሆነ፣ ሸክላው ግን ተቸበቸበ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ነው የሚገባው። አምሃ በ1967 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ መቶ ምናምን ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች አወጣ። ካይፋ የሚባለው ሌላ አሳታሚ ደግሞ ከሱ ጎን ለጎን ሌሎቹን አሳተመ።

እነዚያ ትንንሾቹ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ዙር ነው የሚዞሩት፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። ትልልቆቹ 33 ናቸው። ማስተካከያዋ ትንሽ ማርሽ ናት፣ 33 ላይ ረስተሃት ብዙነሽ በቀለን ከከፈትክ ጎርናና ወንድ ሆና ትመጣለች። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ጓደኞቹን እንዲህ አድርጎ ያስቅ ነበር፣ «ይሄን አዲስ ዘፋኝ ታውቁታላችሁ?» ይላል፣ አንዱ ሁልጊዜ «አዎ አውቀዋለሁ» የሚል አይጠፋም።

ከዚያ ደርግ መጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ባንዶቹ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ገቡ፣ ሰዉ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ይዘጋበትና ሲጨፈር ያድራል። ሸክላ ቀረ ካሴት ተተካ። ያኔ ነው አንዳንዶቹ በሸክላ ወይም በሬዲዮ የታወቁ ዘፈኖቻቸውን በአዲስ ባንድ እንደገና የተጫወቷቸው። ድሮ ትራምፔትና ሳክስፎን ይሞላው የነበረውን ቦታ ቀስ በቀስ ኪቦርድ ያዘው። ሮሃ ባንድ ብቻ በ70ዎቹ ከእነ ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ስዩም ጋር ያልሠራለት ዘፋኝ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ዘፈን የሬዲዮ ቅጂ፣ የሸክላ ቅጂ፣ የካሴት ቅጂ ሊኖረው ይችላል፣ ሦስቱም የራሱ የዘፋኙ ናቸው፣ ሦስቱም «ኦርጅናል» ናቸው። ፈረንሳዊው ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ብሎ ከዘጠናዎቹ ጀምሮ በሲዲ ካወጣቸው የድሮ ዘፈን ስብስቦች 17ኛው የጥላሁን ነው፣ 9ኛው የዓለማየሁ፣ ማወዳደር ከፈለክ እነሱን ፈልግ፣ ለማመሳከሪያ ይሆኑሃል።

ባለ ጋቢው አባት የትኛውን እንደለመዱት ነው መጠየቅ ያለብህ።

የሞጣ ልጅ፦

እኔ የምለው፣ ማርቆስ ቁጭ ብለህ ጥላሁን ማህሙድ ትላለህ፣ ሙሉቀን መለሰስ?? የጎጃም ልጅ እኮ ነው! ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ገና ድምፁ ሳይጎረምስ ፖሊስ ኦርኬስትራ የገባ፣ በኋላ ዓለማዊውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደ መዝሙር የሄደ፣ በ2016 አሜሪካ ነው ያረፈው። እናቴ የሙሉቀን ዘፈን ሲከፈት ቡና መቁላቱን ሁሉ ታቆም ነበር፣ ቡናው አርሮብን ያውቃል በሱ ምክንያት። ባጃጅህ ውስጥ ካልገባ ባጃጅህ አይቆጠርም።

ሁለተኛ ደግሞ ይሄ የኪቦርድ ቁልፍ ላይ ካልወደቀ ተዛብቷል የምትሉት ነገር አልተዋጠልኝም። አያቴ ቤት ሠርግ ሲሆን የሚመጣው አዝማሪ ማሲንቆው አንድ ክር ናት፣ የፈረስ ጭራ፣ ለድምፁ እንደሚስማማው ነው የሚቃኛት፣ ጠዋት ላይ ዝቅ ያደርጋታል ማታ ጠላው ሲሞቅ ከፍ ያደርጋታል። ትዝታው ትዝታ ነው ባቲውም ባቲ ነው ከየት ጀመርክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ታዲያ የአያቴ አዝማሪ በሁለት ቁልፍ መሃል ዘፈነ ተብሎ ተዛባ ሊባል ነው? ባለ ጋቢው አባት በጆሯቸው ነው እንጂ በፒያኖ አፕ አላወቁትም።

የቀድሞ ካሴት ቀጂ፦

@የሞጣ ልጅ እህቴ ትክክል ነሽ፣ ለማሲንቆና ለክራር አይሠራም፣ የካሳ ተሰማን ክራር በፒያኖ ብትፈትኚው ራስሽን ነው የሚያምሽ። እኔ ያልኩት ኦርጋን ወይም ፒያኖ ያለበትን ባንድ ነው። ግን የአዝማሪሽን ካሴት ሌላ ነገር ያጋልጠዋል፣ እሱም ሳል ነው 😄 ሰዉ ሲያስል፣ እልል ሲል፣ ውሻ ሲጮህ ስሚው። ክሩ የፈጠነ ከሆነ ሽማግሌው ሲያስል እንደ ልጅ ነው የሚያስለው። ስንቱን የሠርግ ካሴት በሳል ነው ያስተካከልኩት።

የሞጣ ልጅ፦

በሳል!! እሺ ተሸነፍኩ። ሙሉቀንን ግን አልተውኩም።

ዲሲ ያለሁ፦

ለባጃጁ ልጅ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ፣ ሂልተን ኦርጋን ሲጫወት የነበረው፣ እዚህ ዋሽንግተን መጥቶ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ጭኖ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን እየዞረ ነው የሚጫወተው። ባሕር ዳር እኮ ነው፣ እናንተው ሰፈር። ስለዚህ የአጎትህን ካሴቶች ዝም ብለህ ፍላሽ ላይ ገልብጬያለሁ ብለህ እንዳትጥል።

የማርቆሱ ባጃጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ስለሆነ አንድ ላይ ልመልስ።

የፒያኖዋን ነገር ሞከርኩ፣ ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ተቀምጠን። እሷ መዘምራን ናት ጆሮዋ ከኔ ይሻላል። ቀጂው እንዳልከው ሆነ፣ የዩቲዩቡ ልክ አንዷ ጥቁር ቁልፍ ላይ ቁጭ አለ፣ የአያ ግን አንዷን ስንነካ ያንሳል ቀጣይዋን ስንነካ ይበልጣል፣ መሃል ላይ። እህቴ «ይሄ ሰውዬ በር መሃል ቆሟል» አለች። በቃ የተዛባው የኛ ነው። ለአያ ደውዬ ስነግረው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ካሴት ተውሶ ነው የቀዳው፣ በማግስቱ መመለስ ስለነበረበት ሌሊቱን በደከመ ድንጋይ ቀድቶ ጨረሰው። «ድንጋይ የት ይገኛል ያኔ፣ ገበያ ቅዳሜ ነው፣ ቀኑ ረቡዕ» አለኝ። ረቡዕ እንደነበር እስካሁን ያስታውሳል!

ኦዳሲቲውን አንድ ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ ሠራልኝ፣ ሦስት በመቶ ቀነሰልኝ፣ 4፡57 ሆኖ ወጣ። ድሮ ሳላውቀው የኖርኩት አንድ ነገርም ሰማሁ፣ ፍጥነቱ ሲስተካከል ጥላሁን መስመሩ ላይ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ይስባል፣ በፈጣኑ ጊዜ ጭረት ይመስለኝ ነበር። የድሮውንም አላጠፋሁትም፣ ቤት ውስጥ የምሰማው አሁንም እሱን ነው፣ ምን ላድርግ።

@የሞጣ ልጅ ሙሉቀን ገብቷል፣ አራት ዘፈን፣ ከእንግዲህ ባጃጄ ይቆጠር።

አሁን ዋናው። ዛሬ ጠዋት እኚያ አባት እንደገና መጡ! መናኸሪያ በር ላይ ቆመው ሳያቸው ተራ አስከባሪው እየጮኸብኝ ተራዬን ጥዬ ነው የሄድኩት። ሳላናግራቸው የተስተካከለውን ከፈትኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙት፣ እኔ በመስታወት እያየኋቸው ነው ጉድጓድ ሁሉ እየገባሁ። ሲያልቅ «አሁን ገና ተረጋጋ» አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ከወረዱ በኋላ ሂሳብ ሲሰጡኝ ጎንበስ ብለው «ግን ልጄ፣ ጡሩምባው የት ሄደ?» አሉኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ፦

በል እንግዲህ! የሬዲዮውን ወይም የሸክላውን ነው የሚያውቁት ማለት ነው። ያንተ የካሴቱ ቅጂ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን ኪቦርድ ነው የሚሞላው አይደል? የዘፈኑን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ሸክላው ካለኝ እቀዳልሃለሁ።

የማርቆሱ ባጃጅ፦

ልኬልዎታለሁ ጋሼ። አዎ ኪቦርድ ነው። ባይኖርዎትም ግድ የለም፣ ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጡ ነግረውኛል፣ የጡሩምባውን ዜማ በአፋቸው እንዲያንጎራጉሩልኝ አደርጋለሁ፣ ስልኬን ከፊት አስቀምጬ።

የቀድሞ ካሴት ቀጂ፦

ሲያንጎራጉሩ ሞተሩን አጥፋ እንጂ!